በሐጂ ጃንጥላ ሥር ያለችው ቡናሽ

እማዬ፣

ከሁሉ በፊት የእምነት ክህደት ቃሌን ልስጥ። እኔ ልጅሽ ነጃት፣ ዕድሜዬ አሥራ ስድስት፣ አድራሻዬ ጉለሌ፣ ማንም ሳያስገድደኝ፣ አንዲት ድመትና የጎረቤት አውራ ዶሮ በተገኙበት፣ የሐጂ ሸረፋን ጥቁር ጃንጥላ የሰረቅኩት እኔ መሆኔን አምናለሁ። ጃንጥላው ከጠፋ ዛሬ ሦስት ሳምንቱ ነው። ሐጂ መጀመሪያ የታክሲ ረዳት ጠረጠሩ። ቀጥለው መስጊድ በር ላይ ጫማ የሚጠብቀውን ሰውዬ ጠረጠሩ። አሁን ደግሞ «ዘመኑ ራሱ ሌባ ነው» ብለው ዘመኑን ጠርጥረው ተቀምጠዋል። እኔም ሻይ እያቀረብኩላቸው «እውነትዎን ነው ሐጂ» እላለሁ።

ከሄድሽ ዓመት ሊሞላሽ አሥራ አንድ ቀን ቀርቷል። «ከሄድሽ» ያልኩት የቤቱን ቋንቋ ለማክበር ነው። እዚህ ቤት «ሞተች» የሚል ሰው የለም። አባ «ያኔ» ይላል። እህትሽ ዘይነባ «ያ ነገር» ትላለች። ሐጂ ደግሞ ምንም ሳይሉ በጣታቸው ወደ ጣሪያው ያመለክታሉ፤ የማያውቃቸው ሰው ቢያይ ቤቱ የሚያፈስ ይመስለዋል።

የቤቱን ወሬ ልንገርሽ። አባ ሱቁን የሚከፍተው ረፋድ ላይ ሆኗል። ፓስታ መቀቀል ተምሯል፤ ተምሯል ስልሽ ውሃ እንደሚፈላ አውቋል ማለቴ ነው። የግራና የቀኝ ካልሲው ተስማምተው አያውቁም። ሻርፕሽን በሩ ጀርባ ካለው ሚስማር ላይ ማንም እንዲያነሳው አይፈቅድም። አንድ ቀን ሳላንኳኳ ስገባ ፊቱን ቀብሮበት አገኘሁት። እኔ ያላየሁ መሰልኩ፣ እሱም ያልታየ መሰለ፣ ከዚያ ስለ ፓስታው ተነጋገርን። ዘይነባ ልብሷን ጠቅልላ መጥታ አንቺ ከምትተኚበት ክፍል አጠገብ ትኖራለች። ቡፌውን ከሳሎን አውጥታ ኮሪደር ላይ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙራ አቁማዋለች። እንግዳ ሲጠይቅ «በሩ አልዘጋ እያለ ነው» ትላለች። ቡፌው ያጠፋውን ጥፋት በኋላ እነግርሻለሁ። ሐጂም ያው እንደምታውቂያቸው ናቸው። የአባ ታላቅ ወንድም ስለሆኑ ቤታችን የሱቃቸው ቅርንጫፍ ይመስላቸዋል። በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ይመጣሉ፣ ያንቺ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ፣ ስለ ሁሉም ነገር መመሪያ ይሰጣሉ።

ጃንጥላውን የሰረቅኩት ለቡናሽ ነው። አዎ፣ አንዲት ቡና አለችሽ። ከቤቱ ጀርባ፣ ከውሃ ሮቶው አጠገብ፣ ለሁለት በተቆረጠ የዘይት ጀሪካን ውስጥ ትኖራለች። ቁመቷ ስንዝር ነው። ቅጠሎቿ ጥንድ ጥንድ ሆነው ፊት ለፊት ይተያያሉ፤ ቀጣዩ ጥንድ ከታቹ ጥንድ ዞር ብሎ ነው የሚወጣው፣ አንዱ የሌላውን ብርሃን እንዳይጋርድ። ይህን ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ። እኛ ቤት ግን እንደዚያ ዞር የሚል ሰው የለም።

ሐጂ መስከረም ላይ አዩዋት። «ተክል ያለ ፀሐይ?» አሉና አንስተው የኩሽናው ቆርቆሮ ላይ ሰቀሏት። ሐጂ ዕድሜ ልካቸውን መርካቶ ውስጥ ሚስማርና ማጠፊያ የሸጡ ሰው ናቸው፤ በሕይወታቸው ተክለው የሚያውቁት ነገር ሚስማር ብቻ ነው። ይህ ግን አላገዳቸውም። ከትምህርት ቤት ስመለስ ሁለት ቅጠሎቿ ገርጥተው ጠርዛቸው እሳት እንደነካው ወረቀት ቡናማ ሆኗል። አወረድኳት። በማግስቱ መልሰው ሰቀሏት። መልሼ አወረድኳት። «ሐጂ፣ ይቺ የጫካ ናት፣ ጥላ ነው የምትወደው» አልኳቸው። «ልጅ ስለ እርሻ ምን ያውቃል» አሉኝ። አየሽ እማ፣ «ለልጅ አይነገርም» የሚሉ ሰዎች ከልጅም አይሰሙም።

እኔ ግን የማውቀውን ከማን እንዳወቅኩ አንቺ ታውቂያለሽ። ክረምት ክረምት፣ ትምህርት ሲዘጋ፣ እንጦጦ ግርጌ ወደምትሠሪበት ችግኝ ጣቢያ ይዘሽኝ ትሄጂ ነበር። ውጪው እየበረደ ላስቲክ ቤቱ ውስጥ ስንገባ መነጽርሽ በጉም ይሸፈንና ለአንድ ደቂቃ ያህል ዕውር ሆነሽ ትቆሚያለሽ። ጥግ ላይ ያቺ ዛፍሽ አለች። ከቦንጋ ስትመጪ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለሽ፣ አውቶቡስ ውስጥ ጭንሽ ላይ አስቀምጠሽ ያመጣሻት። ቡና ማለት ለኔ ቆርቆሮ ውስጥ ያለ ነገር ነበር። አንቺ ግን ዛፍ ናት አልሽኝ፤ ማንም ሳይተክላት፣ ጦጣና ወፍ ፍሬዋን በልተው ዘሯን የሚጥሉላት፣ ደን ውስጥ ከሁሉ በታች ያለው ፎቅ ላይ የምትኖር። ከላይ ቀረሮው፣ ከሱ ሥር ዋንዛውና ብሳናው፣ ከነሱ ሥር እሷ።

ቅጠሏን ገልብጠሽ ከመሃሉ ጅማት ጎን ያሉትን መርፌ የወጋቸው የሚመስሉ ጉድጓዶች አሳየሽኝ። ዓይን የማያያቸው ነፍሳት ይኖሩባቸዋል አልሽ፤ እነሱም በምላሹ ቅጠሉን ያጸዱላታል። የቅጠሉ ጫፍ የሾለው ዝናቡ ቶሎ እንዲንጠባጠብ ነው አልሽ። ባልደረባሽ ከጎን ቅርንጫፏ ቆርጣ የተከለቻትንም አሳየሽኝ። ትኖራለች፣ ቅጠል ታወጣለች፣ ቀና ማለት ግን አታውቅም። ከግንድ ያልተቆረጠች ስለሆነች ዕድሜዋን ሙሉ ወደ ጎን ነው የምታድገው። እኔ «ዓርብ ከምሳ በኋላ ሐጂን ትመስላለች» ስልሽ የውሃ ማጠጫውን መሬት ላይ አስቀምጠሽ እስኪያምሽ ሳቅሽ። ያንን ሳቅ ሐጂ አልሰሙትም። እኔ ግን በየዓርቡ ትዝ ይለኛል፤ ሶፋው ላይ ጋደም ባሉ ቁጥር።

ሌላም ነገር አልሽኝ። መዳፌን ከቅጠሎቹ ሥር ዘርግተሽ ከላይ የሚወርደውን ብርሃን አሳየሽኝ። ክብ ክብ ሆኖ፣ ቀስ እያለ እየዞረ፣ ከጣቴ ወደ ጣቴ። «ይቺ ዛፍ የምትኖረው በዚህ ነው» አልሽ። «ጥላ ሌላ፣ ጨለማ ሌላ። ጨለማ ውስጥ ካስቀመጥሻትማ ትሞታለች።»

ስለዚህ ሁለተኛው ክስ ይኸው። ጃንጥላውን ሰርቄ ብቻ አልተውኩም፤ በስቼዋለሁ። ሮቶው ብረት ላይ በሽቦ አስሬ፣ ከሐጂ ሱቅ በመጣ ሚስማር፣ ብርሃኑ እንዲያልፍ ብዙ ቦታ ወጋሁት። እየወጋሁት ደስ እንዳለኝ አልደብቅሽም። የሐጂን ነጠላ ጫማ ድምፅ ስሰማ ፈትቼ አጥፌ ከሮቶው ጀርባ እደብቀዋለሁ።

አሁን ወደ መራሩ ልግባ።

ባለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ ሆድሽን ይዘሽ መቀመጥ ስታበዢ «ጨጓራ ነው» አልሽኝ። አባም «ጨጓራ ነው» አለ። ሐጂ «ጨጓራ የሌለው ማን አለ» አሉ። ከዚያ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ የለሽም። «ቦንጋ ሄደች፣ አያትሽን አሟት ነው፣ ቶሎ ትመለሳለች» አሉኝ። አባም፣ ዘይነባም፣ ሐጂም በአንድ ቃል ተናገሩ። እነዚህ ሦስት ሰዎች በጨው መጠን እንኳ ተስማምተው የማያውቁ ሰዎች ስለሆኑ ያኔውኑ መጠርጠር ነበረብኝ።

አንቺ ጳውሎስ ሆስፒታል ነበርሽ። ከቤታችን በታክሲ ሩብ ሰዓት።

ትደውዪልኝ ነበር። አንዴ በስልኩ ውስጥ የታክሲ ረዳት «ፒያሳ! ፒያሳ! ሁለት ሰው!» ሲል ሰማሁና «ቦንጋም ፒያሳ አላት እንዴ?» አልኩሽ። «ፒያሳ የሌለው ከተማ የት አለ» ብለሽ ሳቅሽ፣ ሳቁ ሳል ሆነ። እሱ ይሁን። ሌላ ቀን ግን የቡናው አበባ ፈነዳ አልሽኝ። ደኑ በሙሉ ነጭ ሆኗል፣ ሽታው እስከ መንገድ ይደርሳል፣ ሁለት ሦስት ቀን ቆይቶ ይረግፋል አልሽኝ። እማ፣ ጥቅምት ነበር። ቡና በጥቅምት አያብብም፤ ጥቅምት ፍሬው የሚቀላበት ወር ነው። እምቡጡ በጋውን ደርቆ ጠብቆ፣ የበልግ ዝናብ ከነካው ከሳምንት በኋላ ነው በአንድ ጠዋት የሚፈነዳው። ይህን ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ። አንቺ በዚህ ትሳሳቻለሽ? ተሳስተሽ ነው ወይስ እንድይዝሽ ብለሽ ነው? ዓመት ሙሉ ይህን ጥያቄ ይዤ እዞራለሁ፤ የምጠይቀው ሰው ደግሞ የለም።

ኅዳር ላይ አንድ ቀን ለምሳ ስመጣ ቅያሱ ላይ ድንኳን ተተክሏል። ፊት ለፊታችን ያሉት ሽማግሌ እኔ ከተወለድኩ ጀምሮ ሊሞቱ ነው ሲባል ስለኖረ «በመጨረሻ ቃላቸውን አከበሩ» ብዬ ለራሴ ቀለድኩ። በር ላይ የቆመችውን ጎረቤት «የማን ለቅሶ ነው?» ብዬ ጠየቅኳት። አፏን በነጠላዋ ያዘች። እኔ እንግዲህ የእናቴን ለቅሶ «የማን ነው» ብዬ የጠየቅኩ ሰው ነኝ። አንቺን ቀብረው ተመልሰዋል። ሁሉም ያውቅ ነበር። ድንኳን ተካዮቹ እንኳ ያውቁ ነበር። በኋላ ዘይነባ «እንዳትደነግጪ ብለን ነው» አለችኝ። እማ፣ ተሳካላቸው፤ አልደነገጥኩም። ቦርሳዬን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ።

ስለ ቡፌው አሁን ልንገርሽ።

ለቅሶ ደራሽ ብዙ ነበር፤ ቡና በሁለተኛው ቀን አለቀ። ዘይነባ ቡፌውን ከፍታ በማርማላታ ጠርሙስ ውስጥ አንድ እፍኝ ጥሬ ቡና አገኘች። ገለባው ላዩ ላይ ነበር። አሸት አሸት አድርጋ አራግፋ፣ ከጎረቤት ከመጣው ጋር ቀላቅላ ቆላችው። ስኒ ያዞርኩት እኔ ነኝ። አንዲት አሮጊት «ይሄ ቡና ደግሞ ምን ዓይነት ነው፣ ጉሮሮ ላይ ይቆያል» አሉ። ሐጂ «ድገሚኝ» አሉ። ደገምኳቸው።

ከአምስት ሳምንት በኋላ ሐጂ ሳሎናችን ተቀምጠው የሆነ ደረሰኝ ሲፈልጉ ከኮታቸው የውስጥ ኪስ የመድኃኒት ፖስታ ወጣ። ሐጂ ወረቀት ጥለው አያውቁም፣ ታውቂያለሽ። ዘይነባ «ይሄ ምንድነው?» አለች። «ለነጃት የላከችው ፍሬ የመጣበት ነዋ» አሉ። አንቺ እንደላክሽው፣ ባልደረባሽ ልትጠይቅሽ ስትመጣ ከዛፍሽ የቀላ ፍሬ ለቅማ እንዳመጣችልሽ፣ አልጋሽ ላይ ሆነሽ አንድ በአንድ ልጠሽ፣ አጥበሽ፣ ሶፍት ላይ እንዳጠፈፍሽው ያኔ ነው የሰማሁት። ፖስታው ላይ የመድኃኒት ቤት ማኅተም ስላለበት፣ ባየው ያለሽበትን እንዳላውቅ፣ ሐጂ ፍሬውን ጠርሙስ ውስጥ ገልብጠው ፖስታውን ኪሳቸው ከተቱት። «ስትድን ራሷ ትሰጣታለች ብዬ ነው» አሉ። ዘይነባ «ፍሬውስ?» አለች። «ቡፌው ውስጥ፣ ጠርሙሱ ውስጥ» አሉ ሐጂ። ዘይነባ ቀስ ብላ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች። እኔ በሩ ላይ ቆሜያለሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ ቶሎ የሚደብቁበት ቦታ አጡ።

ፖስታውን ከሐጂ እጅ ነጥቄ ወጣሁ። የእጅሽ ጽሑፍ ነው፣ ወደ ታች የተንሸራተተ። «ለነጃት። ሳይደርቅ ይተከል። ጥላ ላይ።» ከሥሩ ጠዋት፣ ቀን፣ ማታ ተብሎ የታተመበት ቦታ አለ፤ ጠዋት ላይ ምልክት አድርገሽበታል። ውሃ የሚጠጣበትን ሰዓት ማለትሽ ነው። እማ፣ በዚያ ሁሉ ውስጥ ሆነሽ መቀለድ አልተውሽም።

የፖስታው ማዕዘን ላይ፣ ሙጫው ውስጥ፣ ሁለት ፍሬ ተጣብቀው ቀርተዋል። የቡና ዘር ብዙ አይቆይም፤ ሲደርቅ ይሞታል፤ ይህንንም ነግረሽኛል። ባልደረባሽ አፈር ሰጠችኝና ዝም ብዬ ተከልኳቸው። አንዱ በሰበሰ። ሌላውን በየጠዋቱ እያጠጣሁ ሁለት ወር ባዶ አፈር ሳይ ከረምኩ። የካቲት መጨረሻ ላይ አንገቱን የደፋ ክር የሚመስል ነገር ብቅ አለ። ከዚያ ቀና አለ፣ ፍሬውን እንደ ቆብ ራሱ ላይ እንደደፋ። ብዙ ቀን ቆቡን አላወልቅ አለኝ። ላግዘው እጄን ሰንዝሬ «ተይ፣ በራሱ ጊዜ» ያልሽኝ መሰለኝና መለስኩት። ሲያወልቀው ሁለት ክብ፣ የተጨማደዱ ቅጠሎች ተዘረጉ። ሌሎቹን ቅጠሎቿን ፈጽሞ አይመስሉም። ያን ቀን አለቀስኩ። ለቅሶው ላይ ያላለቀስኩትን።

አሁን ትልቁን ልናዘዝልሽ። የጃንጥላው ወሬ ለማሟሻ ነበር።

አበባው ፈነዳ ባልሽኝ ማግስት፣ የሆድሽን ሕመምና የረዳቱን «ፒያሳ» ደምሬ፣ ቅርባችን ያለው ሆስፒታል እሱ ስለሆነ፣ ከትምህርት ቤት ወጥቼ ጳውሎስ የሚል ታክሲ ውስጥ ገባሁ። በሩ አጠገብ ወረድኩ። ከመድኃኒት ቤቶቹ ፊት ለፊት ቆምኩ። ሳምቡሳ ገዝቼ በላሁ፣ ቀስ ብዬ፣ እስከ ፍርፋሪው። ዘበኛውን መጠየቅ እችል ነበር። ብጠይቅና ብትኖሪ ግን እውነት ይሆናል። አፌን ጠርጌ በመጣሁበት ታክሲ ተመለስኩ። ከቦንጋ ስትደውዪልኝ «ዝናቡ እንዴት ነው?» አልኩሽ። እነሱ ደበቁኝ፣ አንቺ ደበቅሽኝ፣ እኔ ደግሞ ተደበቅኩልሽ። ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም።

ሌላም አለ፣ አሁን ስጽፍ ነው የታየኝ። ሐጂ ቡናዋን ፀሐይ ላይ የሚሰቅሏት የማን እንደሆነች ስለማያውቁ ነው። ሁለት ፍሬ እንደተረፈ አልነገርኳቸውም። ዘይነባንም በአላህ አስምያት ዝም አሰኝቻታለሁ። አይገባቸውም፣ ይኼን ደስታ አይቀምሱም ብዬ ነበር። እሳቸው እኔን እንደያዙኝ ያዝኳቸው ማለት ነው፤ ሊገድሏት የነበረውም በዚሁ ነው። ሌላ ጃንጥላ ቢገዙ ዝናብ አይነካቸውም፤ እሷ ግን ሌላ የላትም።

ለቅሶ ቤት ያሉት ሁሉ መልአክ ነበረች ይሉሻል። እኔ እንደዚያ አላስታውስሽም። መነጽርሽ በጉም ተሸፍኖ የምትቆሚውን፣ በሐጂ ስቀሽ ሆድሽን የያዝሽውን፣ በስልክ የዋሸሽኝን፣ ምናልባትም እንድይዝሽ አስበሽ የዋሸሽኝን፣ ሁሉንም ነው የማስታውሰው። ፖስታው ከቁርአንሽ ውስጥ ነው፤ ማንም ኪስ ውስጥ አይገባም። ቡናዋን ማታ ማታ ውርጩ እንዳይነካት አልጋዬ ሥር አስገባታለሁ። ጉለሌ እንደማይስማማት አውቃለሁ፤ ባልደረባሽም ነግራኛለች። ትንሽ ስትጠነክር በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ፣ አውቶቡስ ውስጥ ጭኔ ላይ አስቀምጬ ቦንጋ አደርሳታለሁ። ዋንዛ ሥር። አለሁ ብለሽኝ ያልነበርሽበት ቦታ ትኖሪያለሽ። በበልግ፣ በትክክለኛው ወር፣ አበባው ሲፈነዳ ራሴ አየዋለሁ።

የነጠላ ጫማ ድምፅ እየመጣ ነው። ሐጂ ናቸው፣ ለዐስር ሶላት ውዱእ ሊያደርጉ ወደ ሮቶው። ጃንጥላውን ፈትቼ ማጠፍ እደርሳለሁ፤ ግን ፀሐይዋ ልክ ቅጠሎቿ ላይ ነች። ምን እየጻፍሽ ነው ቢሉኝ «ጨጓራ ነው» ልላቸው አምሮኝ ነበር። አልልም። ይህችን ወረቀት ነው የምሰጣቸው፣ ሳምቡሳውም ያለበትን፣ ስለ ዓርብ ያለውም ያለበትን።

ቆመዋል። ከጃንጥላቸው የሚወርደው ብርሃን ክብ ክብ ሆኖ ጫማቸው ላይ አርፏል። ወደ ላይ፣ ወደ ቀዳዳዎቹ አዩ። ከዚያ ወደ ታች፣ ወደ እሷ። እንደ ወትሮው ሊያነሷት እጃቸውን አልዘረጉም።

«ነጃት» አሉኝ።